ቁርጥማት ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳልን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል የአገራችን ሰው። ልጓም ፈረሱን ይስባል፤ ዘር ግን ከዚያ በበለጠ ኃይል ሰውን ወደ ወላጆቹ መልክና ጠባይ ይስበዋል ለማለት ነው። ይህ አባባል በተለይ በጋብቻ ዋዜማ ይሰማል። ሽማግሌዎች ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ አንዳንድ ዘመዶች ደግሞ በጎን ሌላ ቆጠራ ይይዛሉ፤ በዚያ ቤት ማን ምን ታሞ ነበር? እያሉ ይጠያይቃሉ። «የእናቷን ጣቶች አላያችሁም? ነገ የእሷም እንደዚያው ነው» ይባላል። ይህ ቃል ሁለት ሰው ያቆስላል፤ ልጅቱንም፣ እናቲቱንም።

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው አምዳችን የምንመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው። እውነት ቁርጥማት በዘር ይወረሳልን? ቢወረስስ ምን ያህል? ጥያቄው በተለይ እኛን ሴቶችን ይመለከታል። ምክንያቱም ከዚህ በታች በምናወሳው የቁርጥማት ዓይነት አንድ ወንድ ሲታመም ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ይታመማሉ። ብዙውን ጊዜም በሽታው የሚጀምረው ሴት ቤቷን በምታቀናበት፣ ልጆቿን በምታሳድግበትና በሥራዋ በምትበረታበት ዕድሜ ነው።

መልሱን አስቀድመን እንናገርና ምክንያቱን ቀጥለን እንዘርዝር። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፈው ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። የአንዲትን ልጅ ትዳር፣ የአንዲትን እናት የኅሊና ዕረፍትና የሁለት እጆችን ጤንነት የሚወስን ልዩነት ነው።

የትኛው ቁርጥማት?

በአማርኛችን «ቁርጥማት» የሚለው ቃል ልዩ ልዩ በሽታዎችን በአንድነት ይጠራል። በዕድሜ ብዛት በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ሲሄድ ጉልበትና ዳሌ ያማል፤ ይህ አንዱ ነው። ዩሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ሲበዛና በመገጣጠሚያ ላይ ሲከማች፣ አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣትን በድንገት የሚያነደው ደግሞ ሪህ የምንለው ነው። በልጆች ላይ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም አስከትሎት የሚመጣ፣ መገጣጠሚያን አሳምሞ የልብን በሮች የሚጎዳ ሌላ ዓይነትም አለ። የልጅዎን የጉሮሮ ሕመም አቅልለው እንዳያዩ የሚመከሩት ለዚህ ነው።

ዛሬ የምንነጋገርበት ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሐኪሞች «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ይሉታል፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ ከ100 አዋቂዎች ወደ 1 የሚጠጋ ሰው ይዞታል ተብሎ ይገመታል። በሽታውን የሚያመጣው ብርድ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሰውነታችን መከላከያ ኃይል የገዛ ራሱን ወገን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ የሚፈጠር ነው። ውጊያው የሚካሄደው መገጣጠሚያን ከውስጥ በሚያለብሰው ስስ ሽፋን ላይ ሲሆን፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ካልታከመም ከጊዜ በኋላ አጥንቱን መብላት ይጀምራል። ጣቶች የሚጣመሙት ያን ጊዜ ነው።

የምንወርሰው ምንድን ነው?

እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ከእናትና ከአባት እኩል በእኩል የተገኘ የመመሪያ ጽሑፍ ይዟል። የጽሑፉ አንድ ክፍል ጂን ይባላል። ከእነዚህም ውስጥ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኙ፣ በምርምር ስማቸው «ኤች ኤል ኤ» የሚባሉ ጂኖች አሉ። የእነዚህን ሥራ ለመረዳት የፋብሪካ በር ላይ የቆመን ዘበኛ ማሰብ ይበቃል። ዘበኛው ገቢና ወጪውን በመታወቂያው ይለያል። የኤች ኤል ኤ ጂኖችም ለነጭ የደም ሕዋሳት «ይህ የቤት ሰው ነው፣ ይህ እንግዳ ነው» የሚያሰኝ መታወቂያ የሚያሳዩ አካላትን ይሠራሉ። ይህ መታወቂያ ከሰው ሰው ይለያያል። በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ አሠራሩ የቤት ሰውን ከእንግዳ ጋር ለማሳሳት የቀረበ ነው።

ይህ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በለንደንና በሎስ አንጀለስ የሚሠሩ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፣ የአከርካሪ አጥንትን እያደረቀ የሚያያይዝ ሌላ የብግነት በሽታ «ኤች ኤል ኤ ቢ 27» ከሚባለው የጂን ዓይነት ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አረጋገጡ። በአውሮፓውያን መካከል በዚህ የአከርካሪ በሽታ ከተያዙ 100 ሰዎች 90 ያህሉ ይህ ጂን አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ፒተር ስታስትኒ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኞችን መርምረው፣ ከ100ው 70 ያህሉ «ዲ አር 4» የሚባል ዓይነት እንዳላቸው አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ100,000 በላይ በሆኑ የአውሮፓና የእስያ ተወላጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከበሽታው ጋር የተያያዙ ከ100 የሚበልጡ የዘር ቦታዎች ታውቀዋል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ዘር ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን የእነዚሁኑ ጥናቶች ሌላ ወገን እንመልከት። በስታስትኒ ምርመራ በሽታው ከሌለባቸው 100 ሰዎች መካከል 28ቱ ያንኑ «ዲ አር 4» ይዘው ተገኝተዋል። «ቢ 27» ካላቸው 100 ሰዎችም በአከርካሪው በሽታ የሚያዙት ከ5 አይበልጡም። ጂኑን ይዘው፣ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ አንድም ቀን መገጣጠሚያቸውን ሳያማቸው የሚኖሩ እጅግ ብዙ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

መንትዮቹ ምን መሰከሩ?

የዘርን ኃይል ለመመዘን ከመንትዮች የበለጠ ሚዛን አልተገኘም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ፣ መልካቸው የማይለይ መንትዮች የዘር ጽሑፋቸው አንድ ነው። በሽታው ሙሉ በሙሉ በዘር የሚወሰን ቢሆን ኖሮ አንደኛዋ ስትታመም ሌላይቱም የግድ በታመመች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በብሪታንያ የታተመ ጥናት ይህን ፈትኗል። ከሁለቱ ቢያንስ አንዷ በሩማቶይድ አርትራይተስ የተያዘችባቸው 91 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ተመረመሩ። ሁለቱም ታመው የተገኙት በ14ቱ ጥንድ ብቻ ነው። በቀሩት 77 ጥንድ ውስጥ አንደኛዋ ስትታመም፣ የዘር ጽሑፏ ያው የሆነው እኅቷ ጤነኛ ነበረች።

እንደ ማንኛውም እኅትማማች በዘር በከፊል ብቻ የሚመሳሰሉ መንትዮችም በዚሁ ጥናት ተመርምረዋል። ከ112 ጥንድ ሁለቱም የታመሙት በ4ቱ ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዘር ድርሻ አለው፤ ባይኖረው ኖሮ በሁለቱ የመንትያ ዓይነቶች መካከል ይህን ያህል ልዩነት አይታይም ነበር። ሁለተኛ፣ ዘር ብቻውን አይወስንም።

ወደ እናትና ልጅ ስንመለስ፣ በሽታው ያለባት እናት፣ አባት፣ እኅት ወይም ወንድም ያላት ሰው የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሰው በግምት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ሦስት እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል። ነገር ግን የአንድ ሦስት እጥፍ ሦስት ነው። ከ100 ሰዎች 1 ይገኝ የነበረው ከ100 ወደ 3 ገደማ ከፍ ይላል እንጂ፣ የታመመች እናት ልጆች ሁሉ ይታመማሉ ማለት አይደለም። እንዲያውም በዚህ በሽታ ከተያዙት ሰዎች አብዛኞቹ በቅርብ ዘመዶቻቸው ዘንድ የታመመ ሰው የላቸውም።

እሳቱን የሚጭረው

ዘር ደረቅ እንጨት ቢሆን እሳቱን የሚጭር ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ከሁሉ ይልቅ በሚገባ የተረጋገጠው የሲጋራ ጭስ ነው። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ተጋላጭ የሆነውን የኤች ኤል ኤ ጂን ከእናትም ከአባትም የወረሱና ሲጋራ ያጨሱ ሰዎች፣ ጂኑም ከሌላቸው ሲጋራም ካላጨሱ ሰዎች ጋር ሲወዳደሩ በከባዱ የበሽታው ዓይነት የመያዝ ዕድላቸው 21 እጥፍ ነበር። ጭሱ በሳንባ ውስጥ አንዳንድ ፕሮቲኖችን ይለውጣል፤ በዘሩ የተጋለጠው የመከላከያ ኃይልም የተለወጠውን ፕሮቲን እንደ እንግዳ ቆጥሮ ፀረ አካል ይሠራበታል። ይህ ፀረ አካል አንድም መገጣጠሚያ ሳያብጥ ከብዙ ዓመታት አስቀድሞ በደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

በሥራ ቦታ የሚገኝ ብናኝም ድርሻ አለው። በተለይ ለሠራተኛ እኅቶቻችን የሚጠቅም ጥናት በማሌዥያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ለክርና ለጨርቅ ብናኝ የተጋለጡ ሴቶች በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ካልተጋለጡት ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል፤ ተጋላጩ ጂን ባላቸው ሴቶች ላይ ደግሞ ዕድሉ ከዚህም እጅግ የበለጠ ነበር። በድንጋይ ጠረባና በግንባታ ሥራ ላይ የሚነሣው የድንጋይ ብናኝም እንዲሁ ከበሽታው ጋር መያያዙ ታውቋል። በአገራችን በፈትልና በሽመና ፋብሪካዎች፣ በልብስ ስፌትና በድንጋይ ጠረባ ላይ የተሰማሩት ሴቶች ብዙ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የአየር መውጫና የብናኝ መሳቢያ መጠየቅ ቅንጦት ሳይሆን ጤናን የማስጠበቅ መብት ነው።

ሲጋራን በሚመለከት ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በዝግ የሥራ ቦታዎችና ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ካለ ለወጣት ልጆች የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ሲጋራ አትጀምሩ» የሚል ይሁን። የድድ ሕመምም ከዚህ በሽታ ጋር አብሮ እንደሚታይ ጥናቶች ስለሚያመለክቱ፣ በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ ጥርስን በየቀኑ ማጽዳት፣ ድድ ሲደማም መታከም ይገባል።

በዘር ስም የሚደረግ በደል

ስለ ዘር ሲነሣ ከታሪክ አንድ ትምህርት እናስታውስ። የሥጋ ደዌ በአገራችን ለብዙ ዘመን በዘር የሚወረስ ነው ይባል ነበር። በዚህ የተነሣ ስንት ጋብቻ ፈረሰ፣ ስንት ቤተሰብ ከጎረቤት ተነጠለ! በኖርዌይም ሐኪሞች ሳይቀሩ ይህንኑ ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ግን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን በሽታውን የሚያመጣው ተሕዋስ መሆኑን አገኙ፤ ዛሬም በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ የተጣመሙ ጣቶችን ከሥጋ ደዌ ጋር የሚያምታታ ሰው ዛሬም ስላለ፣ ሁለቱ የማይገናኙ መሆናቸውን እግረ መንገዳችንን እናስታውቃለን።

ልዩነቱ የመገጣጠሚያ ብግነት በእርግጥ የዘር ድርሻ ያለው መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ የዘር ድርሻ አለው ማለት የእናት ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ጂኑ ከአባትም ይመጣል። አባት በሽታው ሳይታይበት ለልጁ ሊያስተላልፈው ይችላል። በመሆኑም አማት ለምራቷ፣ ባልም ለሚስቱ «ከናንተ ቤት የመጣ ነው» ቢል በሳይንስ የማይደገፍ ፍርድ ይሰጣል። በዚህ ፍርድ የሚመጣው ጉዳት በቃል ብቻ አይቀርም። ልጃገረድ ጣቷ ሲያብጥ «ዘሯ ነው» እንዳይሏት ትደብቃለች። በመደበቅ ያለፈው ወር ደግሞ አጥንት የሚበላበት ወር ነው።

ምልክቱን እንዴት ይለዩታል?

የሚከተሉትን ምልክቶች በራስዎ ወይም በቤተሰብዎ ላይ ቢያዩ ልብ ይበሉ። ጠዋት ሲነሡ ጣቶች እንደ እንጨት ደርቀው አልታጠፍ ማለት፣ ይህም ለግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መቆየቱ፤ የጣቶች መነሻ፣ የእጅ አንጓ ወይም የእግር ጣቶች አብጠው መሞቃቸው፤ ሕመሙ በአንድ እጅ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም መታየቱ፤ ሰው ሲጨብጥዎ መታመም፤ ያልተለመደ ድካምና የሰውነት መክሳት። ሊጥ ማቡካት፣ ልብስ መጭመቅ፣ ጀበና ማንሣት፣ የልጅን አዝራር መቆለፍ ሲያቅት በሽታው በር ላይ ቆሞ ይሆናል። በድካም የሚመጣ ሕመም በዕረፍት ይሻላል፤ ይህ ግን ዕረፍት ሲበዛ ይጠነክራል፣ ሲንቀሳቀሱ ይላላል።

ከወገብ በታች ጀምሮ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ከሦስት ወር በላይ የቆየና በእንቅስቃሴ የሚሻል የወጣቶች የጀርባ ሕመም ደግሞ ከላይ የጠቀስነው የአከርካሪ ብግነት ሊሆን ይችላል። በልጅነት የሚጀምር የመገጣጠሚያ ብግነትም አለ። ሕፃን ልጅዎ ጠዋት ጠዋት ቢያነክስ ወይም ጉልበቱ አብጦ ቢሰነብት «ወድቆ ይሆናል» ብለው አይተዉት።

ምን ይደረግ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለዚህ በሽታ የተነገረ ይመስላል። ምልክቱ በታየ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ሕክምና ቢጀመር መገጣጠሚያን ከጉዳት የማዳን ዕድል ከፍተኛ ነው። የተጣመመውን ጣት መልሶ ማቅናት ግን መድኃኒት አይችልም። እብጠቱ ከስድስት ሳምንት በላይ እስኪቆይ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ እንዳስፈላጊነቱም ወደ ሆስፒታል እንዲመሩዎት ይጠይቁ። በዘመድዎ ዘንድ በሽታው ካለ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። ለጋብቻ ሲባል የሚደበቀው የዘር ታሪክ ለሐኪም ሲነገር ምርመራን ያፋጥናል። ጤነኛ ሰው ግን «ጂኑ ይኖርብኝ ይሆን?» ብሎ ገንዘብ አውጥቶ መመርመር አያስፈልገውም፤ ጂኑ መገኘቱ ይታመማል፣ አለመገኘቱም አይታመምም አያሰኝምና።

ያበጠ መገጣጠሚያን በወጌሻ ማሳሸት ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ይጠንቀቁ። ከሁሉ የከፋው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን እየገዙ መዋጥ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሕመሙን በጥቂት ቀን ስለሚያስታግሱ «ዳንኩ» ያሰኛሉ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያመጣሉ፣ አጥንትን ያሳሳሉ፤ በድንገት ሲቋረጡም ለሕይወት ያሰጋሉ።

ሐኪሞች በብዛት የሚያዙት ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። ይህ መድኃኒት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ቢወሰድ ሊገድል ስለሚችል፣ ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ የታዘዘውን የደም ምርመራም አያቋርጡ። በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይወሰድም፤ ጽንስን ያስወርዳል ወይም አካሉን ያጎድላል። ስለዚህ ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። በእርግዝና ጊዜ ሊወሰዱ የሚችሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉና በሽታው ስላለባት ብቻ ከመውለድ አትከለከልም። በብዙ እናቶች ላይ ሕመሙ በእርግዝና ወራት ይቀንሳል፤ ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራት ግን ሊያገረሽ ይችላል። አራሷ ሕፃኑን ማንሣት ባቃታት ጊዜ ቤተሰቡ ስንፍና ነው ብሎ እንዳይፈርድባት ይህን ማወቅ ይገባዋል።

በቤት ውስጥም ሥራን መከፋፈል የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ልብስ መጭመቁን፣ ውኃ መቅዳቱንና ከባድ ድስት ማውረዱን ባልና ወንዶች ልጆች ሊይዙት ይችላሉ። ሕመምተኛዋ ግን ሙሉ ቀን ትተኛ ማለት አይደለም፤ እንደ አቅሟ መራመድና ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ይጠቅማታል።

እንግዲህ በሽታው ያለብዎት እናት ቢሆኑ፣ ልጅዎን ሳያስፈሩ ሦስት ነገር ይንገሯት፦ ሲጋራ እንዳታጨስ፣ በሥራዋ ላይ ከብናኝ ራሷን እንድትጠብቅ፣ ጣቶቿ አንድ ጠዋት አልታጠፍ ቢሏትና ቢሰነብቱ ሳትደብቅ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ። ወንድ ልጅዎ እጮኛ ሲይዝም የልጅቱን እናት ጣቶች ከመቁጠር ይልቅ ይህንኑ ምክር ለሁለቱም ይስጡ። ዘር ይስባል፤ ልጓሙ ግን በእጃችን አለ።